ሞክሼ ስሞች፦ «ሮዘን» በስም ማውጫ ውስጥ

ለአስተያየት በእጃችን ከገቡት የስም ማውጫ ረቂቆች በአንዱ ውስጥ፣ በ«ረ» ክፍል፣ እንዲህ የሚል ካርድ አግኝተናል፦ «ሮዘን፤ ጀርመናዊ መልእክተኛና አውሮፕላን አብራሪ። በ1897 ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል የተፈራረመ፤ በኋላም በኢትዮጵያ አየር ኃይል ያገለገለና በጎዴ በጦርነት የሞተ።» ረቂቁ የተዘጋጀው በጅጅጋና በአካባቢዋ ባሉ ከተሞች ከሶማሊኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛም ወደ ሶማሊኛ ለሚተረጉሙ ባለሙያዎች መርጃ እንዲሆን ነው። አዘጋጆቹ የደከሙበት መሆኑ ከየገጹ ይታያል፤ በተለይ የቦታ ስሞቹ ክፍል ከዚህ ቀደም ካየናቸው ሁሉ የተሻለ ነው። ይህን አስቀድመን የምንናገረው ቀጥሎ የምንለው ድካማቸውን ለማቃለል የተባለ እንዳይመስል ነው።

ካርዱ እውነት ቢሆን ኖሮ ይህ ሮዘን የተባለ ሰው በጎዴ በሞተበት ቀን የ120 ዓመት ሽማግሌ በሆነ ነበር። ውሉን የተፈራረመው ፍሪድሪኽ ሮዘን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1856 ነውና። በጎዴ የሞተው ግን ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን ነው፤ እርሱም የተወለደው በስዊድን አገር እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። ሁለቱ ሰዎች በትውልድም፣ በዜግነትም፣ በሙያም አይገናኙም። የሚያገናኛቸው በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንድ ዓይነት የሆነ የቤተሰብ ስም ብቻ ነው።

አማርኛችን ለእንዲህ ያለው ነገር «ሞክሼ» የሚል ቃል አለው። ሞክሼዎች ስም ይጋራሉ እንጂ ዘመድ አይደሉም፤ ይህን ለማስረዳት የሚቸገር አማርኛ ተናጋሪ የለም። አንዱ ከበደ ለሌላው ከበደ ምኑ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለምና። ታዲያ የባዕድ ስም ሲሆን ይህ ማስተዋል ለምን ይጠፋል? እኛ እንደምናምነው ምክንያቱ የአውሮጳውያን የቤተሰብ ስም ሁልጊዜ ዘርን ያመለክታል ብለን ከሩቅ ስለምናስብ ነው። የቤተሰብ ስም በአንድ ቤት ውስጥ ከአባት ወደ ልጅ መተላለፉ እውነት ነው፤ ነገር ግን አንዱ ስም በብዙ ቤት ሊበቅል ይችላል። ሮዘን ማለት በጀርመንኛ «ጽጌረዳዎች» ማለት ነው። ጽጌረዳ በበቀለበት አገር ሁሉ ስሙን ያወጣ ቤተሰብ መኖሩ ሊያስደንቅ አይገባም።

የካርዱን ስሕተት ወደ ማረም ከመሄዳችን በፊት ስሕተቱ ከምን እንደመጣ ማየት ይገባል፤ ከንቱ ስንፍና አይደለምና። ሁለቱም ሰዎች ዛሬ የሶማሌ ክልል በምንለው ምድር አልፈዋል። የፍሪድሪኽ ሮዘን መልእክተኛ ጓድ እ.ኤ.አ. በ1905 መጀመሪያ ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ የባቡሩ ሐዲድ የሚያደርሰው እስከ ድሬዳዋ ድረስ ብቻ ነበር፤ ሐዲዱም የሚያልፈው በደወሌ፣ በአይሻ፣ በአዲጋላና በሽንሌ፣ ማለት በክልሉ ሰሜናዊ ጫፍ ነው። ካርል ጉስታቭ ደግሞ የሞተው በደቡብ፣ በዋቢ ሸበሌ ዳር ባለችው በጎዴ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 13 ቀን 1977፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም.፣ የሶማሊያ ጦር በከተማይቱ ላይ በጣለው አደጋ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ጅጅጋ ራሷ ተያዘች። የዚያን ዘመን ነገር በቃል የሚያስተላልፉ አረጋውያን «ሮዘን የሚባል ፈረንጅ» ብለው ሲናገሩ አዘጋጁ በመጻሕፍት ውስጥ ያገኘውን ሮዘን ከዚህ ሮዘን ጋር ቢያጋባ የስሕተቱ መንገድ ይገባናል። መንገዱ ስለገባን ግን ካርዱ አይጸድቅም።

የዓመተ ምሕረቱም ነገር እንዲሁ ነው። ካርዱ «በ1897» ይልና የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አይገልጽም። የሮዘን ውል የተፈረመው የካቲት 28 ቀን 1897 ዓ.ም. ሲሆን ይህም እ.ኤ.አ. መጋቢት 7 ቀን 1905 መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ግን ሌላ ውል አለ፤ እንግሊዛዊው ሬኔል ሮድ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የተፈራረመው፣ በኋላም ከራስ መኰንን ጋር በሐረር በደብዳቤ የተጠናቀቀው፣ ከእንግሊዝ ሶማሊላንድ ጋር ያለውን ወሰን የሚመለከተው ውል። ለጅጅጋ ሰው ይህ ሁለተኛው ውል የዕለት ኑሮው ነገር ነው፤ ወሰኑ ከደጁ ነውና፤ የግጦሹን መንገድ የከፈለው እርሱ ነው። የአቆጣጠሩን ምልክት መተው እዚህ ላይ ሁለት ውል ያምታታል፤ «ሮድ»ና «ሮዘን» በፊደል ተራ ተጎራባች መሆናቸው ደግሞ አደጋውን ያብሰዋል። በረቂቁ ሮድ የተባለው ሰው ካርድ አጥቶ መቅረቱ የሮዘን ካርድ ውጦት እንደሆነ ያጠራጥራል።

አሁን ደግሞ ወደ ባሰው እንለፍ። ረቂቁ ሁለት ሰዎችን አንድ ማድረጉ ብቻ አይደለም፤ አንዱን ሰው ሦስት አድርጎታል። በ«ሩ» ሥር «ሩሴን፣ ካርል፤ የስዊድን በጎ አድራጊ» የሚል ካርድ አለ። በ«ቮ» ሥር «ቮን ሮሰን፤ በድርቅ ዘመን እህል ከአውሮፕላን ይጥል የነበረ» የሚል ሌላ ካርድ ይገኛል። ሁለቱም ካርዶች በጎዴ መሞቱን ይጠቅሳሉ። ካርል ጉስታቭ አንድ ጊዜ ብቻ የሞተ ሰው ሲሆን በዚህ ረቂቅ ሦስት ጊዜ ሞቷል።

የዚህ ምንጩ የአጻጻፍ ጉዳይ ነው፤ አንባቢዎቻችንም በይበልጥ የሚመለከታቸው ይኸው ስለሆነ ጥቂት እንቆይበት። በጀርመንኛ በሁለት አናባቢዎች መካከል ያለው «ስ» ነዛሪ ሆኖ «ዝ» ይባላል፤ የመጨረሻው ክፍለ ቃል አናባቢ ደካማ ነው። ስለዚህ «ሮዘን» የጀርመኑን ድምፅ በጥሩ ሁኔታ ይወክላል። በስዊድንኛ ግን «ዝ» የሚባል ድምፅ የለም፤ በዚህ ስም ውስጥ ያለው «ኦ» ደግሞ ወደ «ኡ» ያዘነበለ ነው። ስዊድናዊ ስሙን ሲጠራ ለጆሯችን የሚሰማን «ሩሴን» ያህል ነው። በሩስያ አገር የነበሩት የዚሁ ስም ባለቤቶች ደግሞ በሩስያ ፊደል በ«ዝ» ይጽፉታል። እንግዲህ «ሩሴን» ብሎ የጻፈው አዘጋጅ አልተሳሳተም፤ ስዊድናዊ ሲናገር የሰማ ሰው መሆን አለበት። «ሮሰን» ያለውም ቢሆን ምክንያት አለው። ሶማሊኛ በድምፆቹ ውስጥ «ዝ» የለውም፤ ዘይነብ የሚለውን የዐረብ ስም እንኳ «ሰይነብ» ይለዋል። የጅጅጋ ሽማግሌ «ሮሰን» ሲል ከሶማሊኛ ሕግ ውጭ አልወጣም፤ በአጋጣሚም ከአማርኛው «ሮዘን» ይልቅ ለስዊድኑ ተነባቢ ቀርቧል።

ሊነቀፍ የሚገባው አራተኛው አጻጻፍ ነው። በረቂቁ መግቢያ ላይ ስሙ «ሮዝን» ተብሎ ተጽፏል። አማርኛ አንባቢ በዓረፍተ ነገር መካከል «ሮዝን» ሲያይ የመጨረሻዋን «ን» የሚወስዳት የተሳቢ አመልካች አድርጎ ነው። «ንጉሠ ነገሥቱ ሮዝን ተቀበሉ» ቢባል ሮዝ የምትባል ሴት ወይም ሮዝ ቀለም ያለው ስጦታ የተቀበሉ ይመስላል። «ሮዘንን ተቀበሉ» ሲባል ግን ስሙም ምዕላዱም በየቦታቸው ይገኛሉ። ባዕድ ስም ሲገባ ድምፁን መምሰሉ ብቻ አይበቃም፤ የአማርኛን ምዕላዶች ሲቀበል ምን እንደሚሆን አስቀድሞ መሞከር ያስፈልጋል። በ«ን» የሚጨርስ ስም ሁሉ በዚህ ፈተና ማለፍ አለበት።

«ፎን» የምትለዋን ቃል በሚመለከት የእኛ አስተያየት ቁርጥ ያለ ነው። ይህች ቃል «የ» እንደማለት ያለች ስትሆን የመኳንንት ቤትን ታመለክታለች፤ በጀርመንኛም ሆነ በስዊድንኛ በ«ፎ» እንጂ በ«ቮ» አትነበብም። በፊደል ተራ ስሙን ልትመራው አይገባትም። በ«ፎ» ሥር ከተከማቹ የጀርመን፣ የኦስትርያ፣ የስዊድንና የባልቲክ መኳንንት ሁሉ በአንድ ገጽ ይታጨቃሉ። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር መሆን የለበትም፤ እኛ ራሳችን በባዕዳን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምንማረርበት ነውና። የዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት ደራሲ ደስታ ተክለ ወልድ በአውሮጳ ካርዶች ላይ «ወልድ» የሚል የቤተሰብ ስም ተሰጥቷቸው ሲገኙ እንስቃለን። መምህራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ደግሞ «ክፍሌ» ሥር ናቸው። ስማቸው በአንድ ቃል ቢጋጠምም ዝምድናቸው የሥጋ ሳይሆን የትምህርት መሆኑን ካርዱ አይናገርም። ባዕዳኑ በእኛ ስም ላይ ያደረጉትን እኛ በእነርሱ ስም ላይ ስናደርግ የምንስቅበት ሰው አናገኝም።

ሮዘን የተባሉት ሰዎች እነማን እንደሆኑ አሁን እንይ፤ ቢያንስ ወደ እኛ ጥናት የሚጠጉትን።

አንደኛው ቤት የምሥራቅ ቋንቋዎች ሊቃውንት ቤት ነው። ፍሪድሪኽ አውጉስት ሮዘን (እ.ኤ.አ. 1805-1837) በለንደን የሳንስክሪት መምህር ነበር፤ የሪግቬዳን የመጀመሪያ መጽሐፍ ለኅትመት ያዘጋጀና የአልኸዋሪዝሚን የአልጀብራ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1831 ከነትርጉሙ ያሳተመ፣ በ32 ዓመቱ የተቀጨ ሰው። ወንድሙ ጌኦርግ ሮዘን የፋርስኛና የካውካስ ቋንቋዎች ተመራማሪ ሲሆን በኢየሩሳሌም የፕሩስያ ቆንስል ሆኖ ኖረ። የእኛው ፍሪድሪኽ የዚህ የጌኦርግ ልጅ ነው፤ በኢየሩሳሌም አደገ፤ የፋርስኛ ሰዋስው ጻፈ፤ የዑመር ኸያምን ግጥሞች ወደ ጀርመንኛ መለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1921 ለጥቂት ወራት የጀርመን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ታናሽ ወንድሙን ፌሊክስ ሮዘንን፣ የዕፀዋት ሊቁን፣ ይዞ ነበር። ስለ ጉዞው እ.ኤ.አ. በ1907 በላይፕሲግ የታተመውን መጽሐፍ የጻፈው ፌሊክስ ነው፤ ፍሪድሪኽ አይደለም። ይህን አጥብቀን የምንናገረው ይኸው ረቂቅ መጽሐፉን ለፍሪድሪኽ ስለሰጠ ነው፤ እዚህ ላይ እንኳ ወንድማማቾች በመሆናቸው ስሕተቱ ቀለል ይላል። ለእኛ ሙያ የዚህ ጓድ ፍሬ ከውሉ ይልቅ ሌላ ነው፤ ከጓዱ ጋር የመጣው ዮሐንስ ፍሌሚንግ የግእዝ የብራና መጻሕፍት ሰበሰበ፤ ዳግማዊ ምኒልክ በሰጡት ፈቃድም በሚቀጥለው ዓመት ኤኖ ሊትማን የሚመራው የአክሱም ጥናት ተካሄደ። የአክሱም ጽሑፎችን በሊትማን እትም ያነበበ ሁሉ ለሮዘን ጓድ የሚከፍለው ዕዳ አለበት።

የፍሪድሪኽ ልጅ ስሙ እንደ አያቱ ጌኦርግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1937 በናንኪን፣ በቻይና፣ በጀርመን ኤምባሲ ይሠራ የነበረው እርሱ ነው። በስዊድን ደግሞ ጌኦርግ ፎን ሮዘን የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1843 የተወለደ የታወቀ ሠዓሊ አለ። አያት፣ የልጅ ልጅና ባዕድ፣ ሦስት ጌኦርጎች መሆናቸው ነው። የመጀመሪያው ስም እንኳ ሁልጊዜ እንደማይለይ ከዚህ እንረዳለን።

ይህ የጀርመን ቤት «ሮዘን» የሚለውን ስም ከጥንት የወረሰው አይደለም። የጌኦርግና የፍሪድሪኽ አውጉስት አባት ባልሆርን-ሮዘን ይባል ነበር፤ «ሮዘን» ብቻ መባል የጸናው በልጆቹ ነው። ለመዝገበ ቃላት ሰው የቀረው ግማሽ ስም ሞገስ አለው፤ በጀርመንኛ «ፈርባልሆርነን» የሚል ግሥ አለና፤ ትርጉሙም ቃልን አሻሽላለሁ እያሉ ማበላሸት ማለት ነው። ግሡ የመጣው በሉቤክ ከተማ በ16ኛው መቶ ዓመት ከነበረ ባልሆርን ከሚባል አታሚ ስም ነው። ስም ወደ ግሥ ሲለወጥ የስሙ ባለቤቶች ምን ያህል እንደሚሳቀቁ መገመት አያዳግትም። እኛም የ«ሮዘን»ን ካርድ ስናርም ከዚህ ግሥ ወሰን ውስጥ እንዳንወድቅ መስጋታችን አልቀረም።

ሁለተኛው ቤት የባልቲክ ጀርመናውያን መኳንንት ቤት ነው፤ ከዚያው ቅርንጫፎች ወደ ሩስያና ወደ ስዊድን ገቡ። ከሩስያዎቹ ባሮን ቪክቶር ሮዘን (እ.ኤ.አ. 1849-1908) በሴንት ፒተርስበርግ የዐረብኛ ሊቅ ነበር፤ ከተማሪዎቹ አንዱ ኢግናቲ ክራችኮቭስኪ ሲሆን የኢትዮጵያን የጽሑፍ ቅርስ ጥናት የሚያስተዋውቅ መጽሐፉ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1955 ታትሟል። እዚህ ላይ አስቸጋሪው ነገር ቪክቶርና ፍሪድሪኽ በአንድ ዘመን የኖሩ፣ ሁለቱም የምሥራቅ ቋንቋዎች ሊቃውንት፣ ሁለቱም ሮዘን መሆናቸው ነው፤ ካርዱ ዜግነትንና የመጀመሪያ ስምን ካልጻፈ ማንም ሊለያቸው አይችልም። ከአይሁድ ቤተሰቦች መካከልም በዚህ ስም የሚጠሩ ብዙዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1922 በቪየና የተወለደው የዕብራይስጥ ቋንቋ ተመራማሪ ሐይም ሮዘን ለአንባቢዎቻችን እንግዳ አይሆንም። እርሱም ከጀርመኑም ከባልቲኩም ቤት አይደለም።

ከስዊድኖቹ ለእኛ የሚቀርበው ካርል ጉስታቭ ነው። አባቱ ኤሪክ ፎን ሮዘን አገር አሳሽና የሕዝቦች ባህል ተመራማሪ ነበር። ልጁ በ1928 ዓ.ም. በጣልያን ወረራ ጊዜ በቀይ መስቀል ሥር የሕመምተኞች አውሮፕላን ለማብረር መጣ። በዚያው ጦርነት መባቻ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1935፣ ሽማግሌው ፍሪድሪኽ ሮዘን በፔኪንግ ሞተ። አንዱ ሮዘን የኢትዮጵያን ወዳጅነት ከፈረመ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ዓለምን ሲሰናበት ሌላው ሮዘን ወደ ኢትዮጵያ መምጣቱ ታሪክ ጸሐፊን የሚያባብል አጋጣሚ ነው፤ ካርዱን ያሳሳተውም እንዲህ ያለ ማባበል ሳይሆን አይቀርም። ካርል ጉስታቭ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተመልሶ፣ እ.ኤ.አ. ከ1945 እስከ 1956፣ ኢትዮጵያ አየር ኃይሏን ስታቋቁም በስዊድን አውሮፕላኖች አብራሪዎችን አሠለጠነ። እ.ኤ.አ. በ1969 በቢያፍራ ወገን በትናንሽ አውሮፕላኖች መዋጋቱ የሚያስመሰግነውም የሚያስነቅፈውም ሆኖ ቆይቷል። በመጨረሻም በድርቁ ዘመን መንገድ በማይደርስበት ቦታ እህል ከአየር እየጣለ ሳለ በጎዴ ሞተ። መልእክተኛም አልነበረም፤ ጀርመናዊም አልነበረም፤ ውልም አልፈረመም።

ይህን ሁሉ በጅጅጋ ከተርጓሚዎች ጋር ተቀምጠን ስንመረምር፣ ወጣቶቹ «አደር» እያሉ የሚጠሯቸው፣ ማለት በሶማሊኛ «አጎቴ» የሚሏቸው፣ አንድ አረጋዊ ተርጓሚ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና፣ «ይህ ሰው ናናይስ የለውም ወይ?» ሲሉ ጠየቁን። ናናይስ በሶማሊኛ ቅጽል ስም ነው። ጥያቄው የሚያስቅ ቢመስልም የነገሩ መፍቻ እዚያ ውስጥ ነበር።

እንደሚታወቀው ሶማሌዎች እንደ እኛው የቤተሰብ ስም የላቸውም፤ የሰው ስም የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ነው። ከእስልምና የመጡት ስሞች ደግሞ ጥቂቶች ስለሆኑ በአንድ ቀበሌ ውስጥ በሦስት ትውልድ ስም ሞክሼ የሆኑ ሰዎች ይገኛሉ። የሚለያቸው ናናይሱ ነው፤ ረጅሙ፣ አጭሩ፣ አንካሳው፣ ትንሹ። ናናይስ እንደ ስድብ አይቆጠርም፤ ሰውየው በደብዳቤው ላይ ይፈርምበታል፤ ልጁም አንዳንዴ ይወርሰዋል። የሶማሊያው ፕሬዚዳንት ሲያድ ባሬ «አፍወይኔ» ይባሉ ነበር፤ ትልቅ አፍ ማለት ነው። («አፍ» በሶማሊኛ ልሳንም መሆኑን፣ በአማርኛም «አፍ መፍቻ ቋንቋ» የምንለው ከዚሁ አስተሳሰብ የራቀ አለመሆኑን በማለፍ እናነሣለን።) ከሁሉ የታወቀው ምሳሌ ግን ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ነው። ሶማሌው «ጉሬይ» ይለዋል፤ አማራው «ግራኝ»። ሁለቱ ቃላት በድምፅ ሳይሆን በትርጉም አንድ ናቸው። ሁለት ሕዝብ፣ በሁለት ስሜት፣ ያንኑ ሰው ከአሕመዶች ሁሉ የለየው በግራ እጁ ነው። በዚህ ረቂቅ ውስጥ ኢማሙ በ«አሕመድ» ሥር በትክክል ተመዝግቧል፤ ከ«ግራኝ»ም ከ«ጉሬይ»ም ወደዚያው የሚመራ ማመልከቻ አለ። እንዲህ ያለ ትክክለኛ ካርድ ያዘጋጀ እጅ የሮዘንን ካርድ ያን ያህል ማበላሸቱ የሚያስረዳው አንድ ነገር ነው፤ የራስን ሰው በሰውነቱ፣ የባዕዱን ሰው በቤተሰብ ስሙ መመዝገብ ልማድ ሆኗል።

ጉዳዩ ለካርድ ያህል ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተጻፈ ነበር። እኚሁ አረጋዊ ከጉያቸው ሦስት ወረቀቶች አውጥተው አሳዩን። አንደኛው የአባታቸውን ስም «ዓብዲ»፣ ሁለተኛው «አብዲ»፣ ሦስተኛው «ካብዲ» ይላል። ሶማሊኛ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል «ሲ» የምትባለው ፊደል የዐይንን ድምፅ፣ «ኤክስ» የምትባለው ደግሞ የሐውት ሐን ድምፅ ትወክላለች። ይህን ያልተማረ ጸሐፊ የእንግሊዝኛውን ንባብ አምጥቶ ዓብዲን «ካብዲ» አደረገው። አንድ ጽሕፈት ቤት የሦስቱ ወረቀቶች ባለቤት አንድ ሰው መሆኑን አልቀበልም ብሎ ሁለት ዓመት አመላልሷቸዋል። እኛም ከነቀፋ ነጻ አይደለንም፤ ከዓመታት በፊት ባረምነው አንድ የቃላት ዝርዝር ውስጥ «ካብዲ» የሚል አልፎን ታትሟል፤ ያን ቀን አንድ ፊደል መስሎን ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሞክሼ ፊደላት የሚደረገው ክርክር አዲስ ገጽ ይይዛል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ አ፣ ዐ፤ በአማርኛ አነጋገር ልዩነት ስለሌላቸው ይቀነሱ የሚለው አሳብ በአማርኛ ቃላት ረገድ ብዙ ደጋፊ አለው፤ እኛም አንዳንድ ጊዜ ወደዚያ አዘንብለናል። ነገር ግን አማርኛ የሚጽፈው አማርኛን ብቻ አይደለም። በጅጅጋ «ሐ»ና «ሀ»፣ «ዐ»ና «አ» በሰው ስም ውስጥ የየራሳቸው ሥራ አላቸው፤ ሶማሊኛ ሁሉንም ይለያቸዋልና። ሥራ ፈት የተባሉት ፊደላት ሥራ የሚያገኙት እዚያ ነው። ስለዚህ ለሶማሊኛ ስሞች ዐይንና ሐውት ሐ ሳይዛነፉ እንዲጻፉ፣ «ካብዲ»ና የመሳሰሉትም ወደ ትክክለኛው የሚመሩ ማመልከቻዎች ብቻ ሆነው እንዲቀሩ እናሳስባለን። ረቂቁ ይህን በቦታ ስሞች ላይ ጀምሮታል። «ቶጎ ውጫሌ» በሚለው የተለመደ አጻጻፍ ላይ «በሶማሊኛ ቶግ ወጃሌ፤ ቶግ ማለት ክረምት የሚሞላ ወንዝ» ብሎ ማስታወሻ ጽፏል። አማርኛ ተናጋሪው ባዕዱን ስም ከወሎው ውጫሌ ጋር እንዳዛመደው በዚህ ይታወቃል፤ የተለመደውን ሳይሽሩ የጥንቱን ማሳየት ይህ ነው።

በሮዘንም ላይ ያው እንዲደረግ ነው የጠየቅነው። «ሮዘን» የሚለው አጻጻፍ ስለተለመደ ለሁሉም ይጸና ዘንድ፣ ለስዊድናዊው ግን በአገሩ «ሩሴን» መባሉ በቅንፍ እንዲጻፍ፤ «ሮሰን»፣ «ሮዝን»ና «ቮን ሮሰን» ማመልከቻ ብቻ እንዲሆኑ፤ «ሮዘን» ብቻውን የሰው ካርድ ሳይሆን ወደ ሰዎቹ የሚመራ መግቢያ እንዲሆን፤ ከያንዳንዱ ሰው ስም ቀጥሎ የትውልድና የሞት ዓመቱ ከነአቆጣጠሩ፣ ዜግነቱና ሥራው እንዲገባ። ከአዘጋጆቹ አንዱ ይህ ለአንድ ስም ብዙ ቦታ እንደሚወስድ ተከራክረውናል። እውነት ነው፤ የሮዘን ካርድ አንድ የነበረው አሁን ስድስት ይሆናል፤ ረቂቁም ይወፍራል።

አረጋዊው ተርጓሚ ግን ክርክሩን አልጠበቁም። ባዶ ካርድ ወስደው በአማርኛ «ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን» ብለው ጻፉ፤ ቀጥሎም በቅንፍ «ዱሊዬ» አሉ። ዱሊዬ በሶማሊኛ አብራሪ ማለት ነው። ለፍሪድሪኽ «መልእክተኛው»፣ ለፌሊክስ «ዕፀዋት ተመራማሪው» የሚለው በሚቀጥለው ቀን ተጨመረ። የሦስቱ ጌኦርጎች ናናይስ እስካሁን አልተወሰነም።